ዘመንፈስቅዱስና የሲኞር ሮቤርቶ ቁልፍ

ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ዘመንፈስቅዱስ የጻፋትን አንዲት መስመር ይዛችሁ ሳትዞሩ አትቀሩም። አይፎን የያዛችሁ አትድከሙ፣ የእናንተ ሌላ ነው ብሎኛል። ይህን የነገረኝ ቀን ስልኬን አውጥቼ ትክ ብዬ አየሁት። ለአንድ ሳምንት ያህል ከሽንኩርት ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነውር መሰለኝ። ከዚያ ለመድኩት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ዘመንፈስቅዱስን ያገኘሁት ሮማ ዳር፣ ሮማኒና ነው፣ ያ የኛ ሰው ፎቅ በፎቅ ታጭቆ የሚኖርበት ትልቁ ሕንጻ ውስጥ። የሰው ዕቃ ላደርስ ሄጄ፣ እሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ዳዊት ይደግማል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ሰበር ያደረገ ሰው። የምፈልጋት ሴትዮ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነች ብጠይቀው ቀና ሳይል ጣቱን አነሳ፤ ቆዪ ማለቱ ነው። ቆየሁ። የዕለቱን ድርሻ ጨርሶ፣ መጽሐፉን ስሞ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያበቃ፣ ሴትዮዋ ከዚያ ቤት ከወጣች ወር እንዳለፋት ነገረኝ። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ጎጃም ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት የተቀመጠ ሰው ነው። ሊመረቅ ትንሽ ሲቀረው መምህሩ ዐረፉ። ሌላ መምህር ፍለጋ አልሄደም፤ እግሩ ወዳደረሰው ሄደ፣ እግሩም ሮማ አደረሰው። እኛ መሪጌታ እያልን እንጠራዋለን። አልተመረቅኩም ይላል። እዚህ አገር ማን ተመርቆ ነው እንለዋለን።

የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ልንገራችሁ፣ ካላወቃችሁት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ያድርና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ነገራ ይሉታል። መምህሩ ከወደዱት "ይበል" ይላሉ። ካልወደዱት ይመልሱታል፤ ተማሪው እጅ ነስቶ ይሄዳል፣ አቃንቶ ይመጣል። እንደገና ይመልሱታል፣ እንደገና እጅ ነስቶ ይሄዳል። ከጓደኛው ጋር ይከራከራል፣ እስኪታነቅ ድረስ ይሟገታል። ለመምህሩ ግን መልስ አይሰጥም። መምህር የተናገረው ይሠራል እንጂ አይመለስበትም። ዘመንፈስቅዱስ ይህን ሰባት ዓመት ሲሠራው ኖሮ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ እኔ በዚያን ጊዜ ሲኞር ሮቤርቶ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ማክሰኞና ሐሙስ አጸዳ ነበር። ቤታቸው ከፒያሳ ቪቶሪዮ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው፣ ገበያው አጠገብ። ዕድሜ ልካቸውን አሳንሰር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ምላሳቸው እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ሰው ናቸው። ልጃቸው ጋብሪዬላ አብሯቸው የሚያድር ሰው ስትፈልግ ዘመንፈስቅዱስን ወሰድኩላት። ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ገና ትኩስ ነበር። ሲኞር ሮቤርቶ ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣ ይህ ሰው ሲወድቅ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል ብለው ጠየቁኝ። ወደዱት ማለት ነው።

ሳሎናቸው ውስጥ ሌላው ሰው ቅዱስ ሥዕል የሚሰቅልበት ቦታ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር ተደርድሯል። ሰው የጣለውን እያነሱ ሊኑክስ የሚባል ነጻ ሲስተም ይጭኑበታል። አንዱን ለዘመንፈስቅዱስ ሰጡት። ስልኩ ሲበላሽ ደበሳይን የሚጠራ ሰው ነበር እኮ፤ ደበሳይ ማለት ቶር ፒኛታራ ሰፈር ከእኔ በላይ የሚኖረው ኤርትራዊ ጎረቤቴ ነው፣ ፒዛ ቤት የሚሠራው፣ ስለ ሁሉም ነገር የሚያውቅ ባይሆንም የሚናገረው። በሁለት ዓመት ውስጥ ደበሳይ ስልኩ ሲበላሽበት ዘመንፈስቅዱስን መጥራት ጀመረ።

አንድ ማክሰኞ ኩሽና ስገባ ካሮት እየላጠ የሆነ ነገር በቃሉ ያንበለብላል። ውዳሴ ማርያም መስሎኝ ሲጨርስ አሜን አልኩ። ኮድ ነበር። መቶ ሃያ መስመር በቃሉ ይዞ፣ የትኛው ላይ ስህተት እንዳለ ካሮቱ ላይ ሆኖ ያስባል። ቅኔ ቤት ወረቀት አልነበረንም አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ከርነል የሚሉትን ያስረዳኝ ያን ቀን ነው። የሲስተሙ አስኳል ነው፣ አንድሮይድ ስልክ ውስጥም ያለው እሱ ነው። ስክሪኑን፣ የሚጫኑትን፣ የሚያትመውን እርስ በርሱ የሚያስማማ። ባለቤት የለውም። በዓለም ዙሪያ ሺህ በሺህ ሰው ጎደለ ወይም ተሰበረ ያለውን ጽፎ ይልካል፤ በየክፍሉ ጠባቂ አለ፣ አይቶ ያስገባል ወይም ይመልሳል። እኔ ባለቤት የሌለው ነገር ሮማ ውስጥ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ አላመንኩትም። የኔ ሳይክል ባለቤት ነበራት፣ እሷም ሄዳለች። እሱ ግን ከፍቶ አሳየኝ። እያንዳንዷ መስመር ማን እንደጻፋት፣ መቼ፣ ለምን፣ ማን አይቶ እንዳሳለፋት ከጎኗ ይወጣል። አንዷ ላይ ጣቱን አደረገና የጻፋት ሰውዬ ማረፉን ነገረኝ። መስመሯ ግን ትሠራለች፣ አሁን፣ በዚህችው ደቂቃ፣ ቁጥሩን ማንም የማያውቀው ማሽን ውስጥ። ሁለታችንም መስመሯ ላይ አፍጥጠን ሳለን ካሮቱ ድስቱ ውስጥ አረረ።

ሲኞር ሮቤርቶን ኢክቱስ የሚሉት ስትሮክ የመታቸው በሦስተኛው ዓመት ነው። ራሳቸው ደህና ነው፣ ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ። ምላሳቸው ግን ሄደ፣ እጅ እግራቸውም ሄደ፤ የቀረቻቸው የቀኝ አውራ ጣት ናት። ጋብሪዬላ አንዲት ቁልፍ ገዛችላቸው፣ ክብ፣ ብስኩት የምታክል፣ ከኮምፒውተር ጋር በሽቦ የምትያያዝ። ስክሪኑ ላይ ፊደሎቹ ተራ በተራ ይበራሉ፤ የሚፈልጉት ሲበራ በአውራ ጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፣ ፊደሉ ይጻፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሩብ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ የጻፉት ነገር ለእኔ ነበር፣ መስታወቱን በደንብ አልወለወልሽውም የሚል። ጋብሪዬላ አለቀሰች። እኔም መስታወቱን ደገምኩት።

ቁልፏን የሠራው ድርጅት ተዘግቷል። ሌላ ዓይነት ሞክረናል፤ በዓይን የሚታዘዘውን፣ በትንፋሽ የሚታዘዘውን። ዓይናቸው ይርገበገባል፣ ትንፋሻቸው አጭር ነው። አልሆነም። ስለዚህ እኒህ ሰውና ዓለም የሚገናኙት በዚህች ብስኩት በኩል ነው ማለት ነው።

አንድ ጠዋት ሲስተሙ ራሱን አደሰ። አዲሱ ከርነል ቆጣቢ ሆኖ መጣ፤ ለሁለት ሰከንድ ያልተነካ ዕቃ ካገኘ ያስተኛዋል። ሌላው ዕቃ ሲነኩት ነቅቶ ሥራውን ይሠራል። ይቺ ቁልፍ ግን መጀመሪያ ሲነኳት ትነቃለች እንጂ የነኳትን አትናገርም። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ያሰበ ሰው አንድ ፊደል ይከስራል። ደበሳይ ቢሆን ምንም አይጎድልበትም ነበር፣ እሱ ሳያስብ ነው የሚናገረው። ሲኞር ሮቤርቶ ግን አስበው ነው የሚሳደቡት። ውሃ ሲሉ ሌላ ይጻፋል፣ ዘመንፈስቅዱስን ሲጠሩ የማንም ያልሆነ ስም ይወጣል።

ዘመንፈስቅዱስ ሁለት ቀን ፈልጎ ምክንያቱን አገኘና እቤታቸው ባለው ማሽን ላይ ቅንብሩን፣ ሴቲንግ የሚሉትን፣ ለወጠው። ቁልፏ መተኛት ተከለከለች። ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር፣ ጋብሪዬላ ሥራዋን ወደ ቶሪኖ ባታዛውር ኖሮ። አባቷን ይዛ መሄድ አልቻለችም። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ አንድ የአረጋውያን ቤት አገኘች፣ ቦታ የሚለቀቀው በመስከረም መጨረሻ። ሄደን አየነው። ንጹሕ ነው፣ አትክልት አለው። ኮምፒውተርም አላቸው፣ ያንኑ ነጻ ሲስተም፤ በጎ ፈቃደኛ ነው የጫነላቸው። ግን የጋራ ነው። ራሱን ያድሳል፣ ደግሞም ሰኞ ሰኞ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ሽማግሌዎቹ ያበላሹት እንዲጠፋ። ቅንብሩን መንካት ለማንም አይፈቀድም። ኃላፊዋ ቁልፋችሁን አምጡና ሰኩት፣ ከሠራ ሠራ አለችን። ዘመንፈስቅዱስ እዚያ አያድርም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ነገሩ ለሁላችንም ገብቶናል። ቁልፏን ከመተኛት የምታግድ መስመር ከርነሉ ራሱ ውስጥ፣ ከምንጩ ካልገባች ሲኞር ሮቤርቶ በመስከረም ዲዳ ይሆናሉ።

ሰኔ ላይ ጀመረ። የሚላከውን ነገር ፓች ይሉታል፣ መጣፊያ። እኔ መጣፊያ የማውቀው የሱሪ ጉልበት ላይ ነው፤ ይህንን ለማዘጋጀት ግን ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሕጉ ብዙ ነው። ደብዳቤው ያለ ቀለም፣ ያለ ጌጥ፣ ያለ አባሪ፣ ባዶ ጽሑፍ ይሁን። አንድ መጣፊያ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይድፈን። ምን እንደተሰበረ፣ ለምን እንደዚህ እንደጠገንከው ከላይ በአጭሩ ጻፍ። የዚያ ክፍል ጠባቂ ማን እንደሆነ ፈልገህ ለእሱም ላክ፣ ሁሉም ወደሚያነበው አደባባይም ላክ። ከመላኩ በፊት የሚመረምር ፕሮግራም አለ፤ ክፍት ቦታ በዝቷል፣ መስመሩ ረዝሟል እያለ ይቆጣዋል። መጨረሻ ላይ ይህ ሥራ የራሴ ነው፣ ለመስጠት መብት አለኝ ብሎ በሙሉ ስሙ ይፈርማል። ፔርሜሶዬን ሳድስ ኩዌስቱራ፣ የፖሊሱ ቢሮ፣ እንኳን ይህን ያህል አልጠየቀኝም።

ላከው። በማግስቱ ተመለሰ። ጠባቂው ሰሜን አገር የሆነ ቦታ የሚኖር ሰው ነው፣ ስሙ ለአፍ አይመችም። የቁልፏ መለያ ቁጥር ሌሎች ብዙ ዕቃዎችም የሚጠቀሙበት ስለሆነ በእሷ ሰበብ የዓለሙን ኪቦርድ ሁሉ እንቅልፍ እንዳትነሳ፣ እሷን ብቻ ለይ የሚል ነው መልሱ። እኔ የሚያዝን መስሎኝ ነበር። ፊቱ በራ። ተነስቶ እጅ ነሳ። ለስክሪኑ። መጥረጊያ ይዤ ቆሜ በዓይኔ ነው ያየሁት። ከመምህሩ ሞት ወዲህ ሥራውን አይቶ የመለሰለት ሰው ይህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

አቃንቶ ሁለተኛውን ላከ። ቁልፏን ብቻ ለይቶ፣ አንዲት መስመር። እንግዲህ ልክ የነበረችው እሷ ናት፣ ግን ማን ያውቃል። ሰውየው በዚህኛው ላይ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ይህን ሰዉ በየቤቱ በቅንብር ማስተካከል ሲችል ለምን ከርነሉ ውስጥ ይግባ? ሁለተኛ፣ ትተኛ፤ ስትነቃ ግን ትንሽ ጠብቀን ብናዳምጣትስ፣ አይሠራም?

ዘመንፈስቅዱስ ያነበበው በቅኔ ቤት ጆሮ ነው። መምህሩ ጠብቀህ አዳምጥ ብለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደ ተግሣጽ ተቀበለው፣ ሁለተኛውን እንደ ትእዛዝ። አንድ ቃል ሳይመልስ የሚጠብቀውን ሠራ። ቁልፏን በገዛ አውራ ጣቱ ሞከራት፣ ሠራች። ሞክሬዋለሁ ብሎ ፈርሞ ሦስተኛውን ላከ። ከዚያ ሲኞር ሮቤርቶ ማሽን ላይ ጫነው።

ሐሙስ ዕለት ስመጣ ሽማግሌው ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ድመት የሄደችበት ይመስላል። ለምን እንደሆነ እንኳን እኔ፣ ዘመንፈስቅዱስም አልገባውም። ቅንብሩን መልሶ አዋለላቸውና ሦስተኛውን ማሻሻል ያዘ። ጠባቂው ጽፏል፦ አልመለስክልኝም፣ መጠበቁ በእርግጥ ይሠራል? በማን ተሞከረ? ዘመንፈስቅዱስ እጅ ነስቶ አራተኛውን ላከ። ሰውየው አሁንም ጠየቀ። አምስተኛውን ላከ፣ የበለጠ የተጣራ፣ የበለጠ የተዋበ፣ ያለ አንዲት የመልስ ቃል።

የነሐሴ መጀመሪያ ማክሰኞ ላይ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ዘመንፈስቅዱስ ወደ አማርኛ መልሶ አነበበልኝ፣ ድምፁ ሳይለወጥ፦

"ሦስት ጊዜ ጠይቄህ አንድም ጊዜ አልመለስክም። ከማያናግረን ሰው ሥራ መቀበል አልችልም። ይህን ጉዳይ ዘግቼዋለሁ።"

ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሰው ባደባባይ፣ በዓለም ፊት፣ ለዘላለም በሚቀመጥ መዝገብ ላይ ተባረረ። ለመስከረም መጨረሻ ስምንት ሳምንት ያህል ቀርቷል። እኔ የማጽናኛ ነገር ስፈልግ ምንም ስላጣሁ መስታወቱን ወለወልኩ።

ሲኞር ሮቤርቶ ከአልጋቸው ሆነው ያዩታል። በዓይናቸው ኮምፒውተሩን፣ እሱን፣ ኮምፒውተሩን፣ እሱን። አምጣው ማለታቸው ነው። እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ የአሳንሰር መጻሕፍት በዚያ ነው የሚጻፉት። ደብዳቤዎቹን በሙሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ በአንድ እያሳየ አስነበባቸው። ሲጨርሱ አውራ ጣታቸው ተንቀሳቀሰች። ቁጭ ብለን ጠበቅን። የሚጻፈው በጣልያንኛ ነው፣ እኔ እንደገባኝ እነግራችኋለሁ።

"ጥያቄ ነው የጠየቀህ" ብለው ጻፉ።

ዘመንፈስቅዱስ አንገቱን ደፋ። "ሲኞር፣ በእኛ ለመምህር መልስ አይሰጥም። ደግሞስ ምን ብዬ ልመልስ? በማን ተሞከረ ሲለኝ የእርስዎን ገመና ላወራ ነው? ስለሚጠጡበት፣ ስለሚተኙበት? ዓለም ሁሉ ያነበዋል።"

እውነቱን ነው። እኛ የሰው ቤት የምንሠራ ሰዎች አንድ ሕግ አለን፣ ማንም ያልጻፈው። እቤት ያየኸው እቤት ይቀራል። ዘመንፈስቅዱስ አንድ ጊዜ እንኳን ሲኞር ሮቤርቶ የሚባሉ ሰው አሉ ብሎ ለጠባቂው አልነገረውም። ያ ሰሜን አገር ያለው ሰው የሚያስበው ይህ ስለ አንዲት አሮጌ ቁልፍ የሚጨነቅ ግትር ሰው ምን ሆኗል ብሎ ነው።

አውራ ጣቷ እንደገና ጀመረች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ፓስታው ውሃ ውስጥ ቀረ፣ ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ እንዲህ የሚል ወጣ፦

"አለቃዬ የአሳንሰሩ ገመድ ደህና ነው አለ። እኔ አይደለም አልኩ። ሃያ ሰው ውስጡ ቆሞ ነበር።"

ትንሽ ዐረፉ። ከዚያ ደግሞ፦

"ስለ እኔ ንገረው። ምኔ ይደበቃል።"

ዘመንፈስቅዱስ አውራ ጣቷን አያት። እኔ ያኔ አላወቅኩም፣ ኋላ ነው የነገረኝ፦ ሦስተኛው ለምን እንዳልሠራ የገባው በዚያች ደቂቃ ነው። የእሱ አውራ ጣት ጤነኛ ነው፤ ሲጫን ተጭኖ ይቆያል፣ ከርነሉ ጠብቆ ሲያዳምጥ አሁንም ተጭኖ ያገኘዋል። የእሳቸው አውራ ጣት ነካ አድርጋ ትወድቃለች። ከርነሉ አዳምጦ እስኪደርስ የሚሰማ ነገር የለም። በራሱ ጣት ሞክሮ ነው ሞክሬዋለሁ ብሎ የፈረመው። ከመባረሩ በላይ ይህ አመመው።

በማግስቱ ጠዋት፣ የኔ ቀን ባይሆንም ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ሲኞር ሮቤርቶ ሁለቱን መጣፊያዎች፣ የሚጠብቀውንና እንቅልፍ የሚከለክለውን፣ በጣታቸው ለመሞከር ፈቃደኛ ሆነዋል። ቁልፏ ትተኛለች፣ እሳቸው ይነካሉ፣ የተሰማ ከሆነ እኔ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰምራለሁ፣ የጠፋ ከሆነ ክብ። ዐሥር ነክተው ያርፋሉ። ላባቸውን ዘመንፈስቅዱስ ይጠርጋል። ከዚያ ሌላ ዐሥር። መቶ ለመሙላት ሁለት ጠዋት ፈጀ፣ ለሁለተኛው ዓይነት መቶ ደግሞ ሌላ ሁለት ጠዋት። እኔ ሰው ሲሠራ ብዙ አይቻለሁ፣ ድንጋይ ሲሸከም፣ ኮንክሪት ሲያቦካ። እንደዚያች አውራ ጣት የደከመ ሠራተኛ ግን አላየሁም። በሚጠብቀው ከመቶው ሠላሳ ሰባት ክብ ወጣ። እንቅልፍ በሚከለክለው፣ በሁለተኛው፣ አንድም ክብ የለም። ወረቀቱን ሁለቴ ቆጠርኩት፣ ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ቢሆንም እስከ መቶ አያቅተኝም።

ደብዳቤውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ወሰደበት። ከመላኩ በፊት በአማርኛ አሰማኝ፦

"የተከበሩ ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ ያልመለስኩት ንቄዎት አይደለም። እኔ በተማርኩበት ቤት መምህር ሲናገር ዝም ብሎ መሥራት ነው ክብሩ። እዚህ እንደዚያ እንዳልሆነ አሁን ተረዳሁ፣ ይቅርታ። በዚህች ቁልፍ የሚናገሩት ሲኞር ሮቤርቶ የሚባሉ ሰው ናቸው። ከአውራ ጣታቸው በቀር የሚታዘዛቸው አካል የለም። እንድነግርዎ ፈቅደውልኛል። በቅንብር ለምን አይሆንም ላሉኝ፣ በመስከረም የሚገቡበት ቤት ማሽኑን ሰኞ ሰኞ ይጠርገዋል፣ እሳቸውም መልሰው የሚያስተካክሉበት እጅ የላቸውም። ብንጠብቅስ ላሉኝ፣ በእሳቸው ጣት መቶ ጊዜ ተሞክሮ ሠላሳ ሰባቱ ጠፍቷል። ሦስተኛውን ሞክሬዋለሁ ብዬ የፈረምኩት በራሴ ጣት ሞክሬ ነው፣ ያ የኔ ጥፋት ነው። በሁለተኛው አንድም አልጠፋም። ስለዚህ ጌታዬ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል አልነበረም።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍና ሲያጠፋ ነው አንዱ ቀን ያለቀው። ደበሳይ እሑድ ቡና ላይ፣ አንድ ቃል ለመጻፍ ይህን ያህል ከተጨነቀ ሚስት ሊጠይቅ ቢነሳ ስንት ዓመት ሊፈጅበት ነው ብሎ ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም። ዘመንፈስቅዱስ ላከውና ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልበላም።

መልሱ የመጣው ሐሙስ ነው፣ እኔ እያለሁ። ዘመንፈስቅዱስ ወንበሩ ላይ ነበር። ሁለት መስመር አንብቦ ተነስቶ ቆመ። ቀጥ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ምን ሆንክ ብለው አይሰማም። ቆሞ ጨረሰው፣ ቆሞ አነበበልን፦

"የመጠበቁን ነገር ተሳስቼ ነበር፣ አንተ ልክ ነህ። ጥያቄዬን ከአንተ አገር ጆሮ ጋር አላሰብኩትም። ሁለተኛውን እወስዳለሁ፤ ይህን የጻፍክልኝን ምክንያት ከላይ ጨምርና መልሰህ ላከው። ለቆዩት ከርነሎችም እንዲደርስ አደርጋለሁ። ከፈቀዱ የሞካሪውን ስም አስገባ። መቶ ጊዜ መንካት ቀላል አይደለም፣ አመስግንልኝ።"

ለምን እንደቆመ ስጠይቀው፣ መምህር ተሳሳትኩ ሲል ተቀምጦ አይሰማም አለኝ። እኔም ሳላውቀው ቆሜ ነበር፣ ግን እኔ ሁልጊዜም እዚያ ቤት ቆሜ ነው የምውለው።

አስቡት እስቲ። እኔ በሃያ አንድ ዓመት የሮማ ኑሮዬ ተሳሳትኩ ያለ አሠሪ አላየሁም፣ ተሳሳትኩ ያለ ቢሮ አላየሁም፣ ደበሳይ ተሳሳትኩ ሲል አልሰማሁም። ይህ ሰው ግን ሺህ ሰው በሚያነበው፣ መቼም በማይጠፋ ቦታ ላይ፣ ለአንድ ባዳንቴ፣ ለአንድ አስታማሚ፣ ተሳሳትኩ ብሎ ጻፈ። ነገሩ ያሳሰበው ደበሳይ የሰውየውን ፎቶ ፈልጎ አገኘው። እኛ ነጭ ጢም ስንጠብቅ ሃያ ሰባት ዓመት የማይሞላው፣ ጆሮው ቀይ፣ አይስክሬም የያዘ ጎረምሳ ነው። አሁንማ አንተ በለው አልኩት ለዘመንፈስቅዱስ። አልፈለገም። እሳቸው ማለቱን ቀጠለ።

ያን ዕለት ከሰዓት መስመሯን አስተካክሎ ላከ። ከፊርማው በላይ ሌላ መስመር አለ፣ ሞካሪ፣ ሮቤርቶ፣ ከነቤተሰብ ስማቸው። ሲኞር ሮቤርቶ ስክሪኑን እያዩ ብዙ ቆዩ። ሮማ ውስጥ ስንት ሺህ ሰው እሳቸው በጠገኑት አሳንሰር ወጥቶ ወርዷል፣ አንዱም ላይ ስማቸው የለም።  

በመስከረም መጨረሻ ገቡ። የመጀመሪያው እሑድ እኔና ዘመንፈስቅዱስ ስንሄድ ቁልፏ አሁንም ትተኛለች። አዲሱ ከርነል እዚያ ቤት ገና አልደረሰም። ከቶሪኖ የመጣችው ጋብሪዬላ የአባቷን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። ነርሷ በለሆሳስ፣ ሽማግሌው አእምሯቸው ሳይደክም አልቀረም፣ የሚጽፉት ትርጉም የለውም አለችን። ሲኞር ሮቤርቶ ይህን ሰምተዋል። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘመንፈስቅዱስ መልስ ሊሰጣት አፉን ከፈተ፣ ደግሞም ሰጠ፤ በጣልያንኛ፣ ረጋ ብሎ፣ አእምሮ ሳይሆን ቁልፍ ነው የተኛው፣ ሰሞኑን ይነቃል፣ እስከዚያ የሚጽፉትን አትፍረጂበት አላት። አራት ዓመት አብረን ስንሠራ ማንንም እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሁለተኛው እሑድም ያው ነበር። 

ሦስተኛው እሑድ ስንገባ የምሳ ሰዓት ነበር። ሲኞር ሮቤርቶ ስክሪናቸው ፊት ተቀምጠዋል፣ ሳህናቸው ከጎናቸው፣ ያልተነካ። ዘመንፈስቅዱስ ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብሎ የከርነሉን ቁጥር አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አላንቀሳቀሱም። ያስባሉ። ሁለት ሰከንድ አለፈ፣ ዐሥር ሰከንድ አለፈ። ከዚያ ነኩ። የመጀመሪያዋ ተሰማች። ሁለተኛዋም። አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ ነርሷ ትከሻቸው ላይ ቆማ እያነበበች፣ ይህ ተጻፈ፦

"ፓስታው ከልክ በላይ በስሏል። ወጥ ሠሪውን ጥሩልኝ።"

ጠሩላቸው። መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ወጥ ቤት ሰላም የለውም።